ጥርት ብሎ የሚጠፋ ድምፅ

በማርች 2001 የኒው ዮርክ ከተማ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ የእጅ ሬዲዮዎች አደለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሬዲዮዎቹ ዲጂታል ነበሩ፤ ብዙ ገንዘብም ፈሶባቸዋል። ሥራ በጀመሩ በሳምንቱ ገደማ ኩዊንስ በሚባለው የከተማዋ ክፍል አንድ መኖሪያ ቤት በእሳት ተያያዘ። ቤዝመንት ገብቶ መውጫው የጠፋበት አንድ ሠራተኛ በአዲሱ ሬዲዮ «ሜይዴይ»፣ ድረሱልኝ፣ እያለ ተጣራ። እዚያው ደጅ የነበሩት ባልደረቦቹ አልሰሙትም። ሰውየው በሕይወት ወጣ። ሬዲዮዎቹ ግን በቀናት ውስጥ ተለቅመው መጋዘን ገቡ፤ ሠራተኛውም አሮጌውን አናሎግ ሬዲዮ መልሶ ወገቡ ላይ አሰረ።

ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ ሴፕቴምበር 11 ደረሰ። በዚያ ቀን 343 የኒው ዮርክ እሳት አደጋ ሠራተኞች ሲሞቱ በእጃቸው የነበረው ያው አናሎግ ነው፤ የዓለም ንግድ ማዕከል በ1993 በቦምብ በተመታ ጊዜ ድክመቱ የተጋለጠው ሬዲዮ። በሰሜኑ ሕንጻ ደረጃዎች ላይ ከነበሩት ሠራተኞች «ውጡ» የሚለውን ትእዛዝ ያልሰሙ ብዙ ነበሩ።

ስለዚህ ከኒው ዮርክ ታሪክ «አናሎግ ይሻላል» ብሎ የሚፎክር አይገኝም፤ «ዲጂታል ይሻላል» ባዩም እንደዚሁ። ሁለቱም ወድቀዋል። አወዳደቃቸው ግን ለየቅል ነው። ሬዲዮ የሚገዙ ከተሞች ብዙ ጊዜ ሳያስተውሉ የሚያልፉትም ይህንኑ የአወዳደቅ ልዩነት ነው።

ነገሩ የምሕንድስና ምስጢር አይደለም፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል። በአንቴና ዘመን ልጅ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ አባት ከሳሎን ይጮኻል፦ «ትንሽ ወደ ግራ! … መጣ፣ መጣ! … ኧረ ሄደብን፣ መልሰው!» ሥዕሉ በረዶ የዘነበበት ቢመስልም ዜናውን የሚያነበው ማን እንደሆነ ይለያል፤ ድምፁም ይሰማል። ዲሽ ሲመጣ ጣሪያ መውጣት ቀረ፤ ሥዕሉም ጠራ። ክረምት ገብቶ ዶፉ ሲወርድ ግን ምስሉ ድንገት ይቆራረጥና አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይደርቃል፤ ቀጥሎ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። በጥራቱና በጥፋቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ደመና ውፍረት ብቻ ነው። በአጭር ሞገድ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የአማርኛ ስርጭት በፉጨትና በጫጫታ መሀል ጆሮውን ለጥፎ ያደመጠ ትውልድ ደግሞ የአናሎግን ጠባይ ከዚህም በላይ ያውቀዋል። እየደከመም ቢሆን፣ እያቃሰተም ቢሆን ይናገራል።

የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። አናሎግ ሬዲዮ የያዘ ሰው ከሬዲዮ ማሰራጫ ማማው እየራቀ ወይም ወደ ሕንጻ ውስጥ ጠልቆ እየገባ ሲሄድ ከድምፁ ሥር ሽሽሽ የሚል ነገር ይጀምራል። ያ ሽሽሽታ ይጨምራል፣ ቃላት ይውጣል፤ ግን «ደረጃ» የሚለው ቃል ቢጠፋ «ሦስተኛ ፎቅ» የሚለው ይተርፋል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ጫጫታው ሲበረታ ወደ መስኮት ይጠጋል፣ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማንም መልእክት ብሎ ባይቆጥረውም ጫጫታው ራሱ መልእክት ነበር፦ ከሽፋን እየወጣህ ነው ይለዋል።

ዲጂታል ሬዲዮ ይህን ማስጠንቀቂያ አጥፍቶታል። ያጠፋውም በክፋት ሳይሆን በብልኃቱ ነው። በአሜሪካ የጸጥታና የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች በብዛት የሚጠቀሙበት ፒ 25 የተባለው ደረጃ፣ በመጀመሪያው ትውልዱ፣ የሰውን ድምፅ 20 ሚሊሰከንድ በምታህል ቁራጭ እየከተፈ እያንዳንዷን ቁራጭ በ88 ቢት ይጽፋታል። ይህም በሰከንድ 4,400 ቢት መሆኑ ነው። በዚያ ላይ በሰከንድ 2,800 ቢት ስሕተት ማረሚያ ይጨመርበታል። በመንገድ ላይ የተበላሸው ቢት ጥቂት ከሆነ ማረሚያው ይጠግነዋል፤ ሰሚው ምንም አይሰማውም፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይቀጥላል። ብልሽቱ ከማረሚያው አቅም ያለፈ ዕለት ግን ድምፁ እንደ ሮቦት ይንተባተብና ጸጥ ይላል። መሐንዲሶቹ ይህን «ዲጂታል ገደል» ይሉታል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመው ሰው ግን ሜዳ ላይ ያለ ይመስለዋል።

ለሻጮቹ ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል፤ ዲጂታል ብዙ ቦታ ላይ ከአናሎግ ራቅ ብሎ ይሰማል ሲሉ አይዋሹም። አናሎጉ በጫጫታ ታፍኖ ለማድመጥ በሚያደክምበት ርቀት ላይ ዲጂታሉ ገና ጥርት ብሎ ሊናገር ይችላል። በካርታ ላይ ሽፋኑ የሰፋ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ከተሞች ወደ ዲጂታል የሄዱበትም ምክንያት ቀላል አይደለም። ሞገድ እንደ መሬት ነው፤ ሰው ሲበዛበት ይሸነሸናል። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ከ512 ሜጋኸርትዝ በታች ያሉ አብዛኞቹ የሥራ ሬዲዮዎች 25 ኪሎኸርትዝ ይይዝ የነበረውን መስመራቸውን ወደ 12.5 እንዲያጠቡ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ቀነ ገደብ ሰጥቶ ነበር። ትእዛዙ ዲጂታል ግዙ አላለም። ግን የጠበበ አናሎግ ሽፋኑ ይቀንሳል፤ ሬዲዮውን መቀየር የማይቀር ከሆነ አዲሱን ቴክኖሎጂ እንግዛ ያሉ ከተሞች ብዙ ናቸው። በአውሮፓ የተስፋፋው ቴትራ የተባለው ደረጃ ደግሞ በአንድ የ25 ኪሎኸርትዝ መስመር ላይ አራት ንግግር ጎን ለጎን ያስኬዳል። በዚህ ላይ ንግግሩ በቁልፍ ይመሰጠራል፣ የተናጋሪው መለያ ቁጥር ይታያል፣ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ አለው። ወንጀለኛ በገዛው ተራ ሬዲዮ ሲጠልፈው ለኖረ ፖሊስ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ፖሊስ አይደለም። ፖሊስ በአብዛኛው መንገድ ላይ፣ ከመኪናው አጠገብ ይናገራል። እሳት አደጋ ሠራተኛ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ፣ በጭስ መሀል ተንበርክኮ፣ የሞተር መጋዝ እያጓራ ይናገራል። የዲጂታሉ ድምፅ ከታፊ ደግሞ የተሠራው የሰውን ጉሮሮ አስመስሎ እንዲጽፍ ነው፤ የመጋዝን ጩኸት የሚያውቅበት ጉሮሮ የለውም። ድምፁና ጩኸቱ ተቀላቅለው ሲመጡበት ሁለቱንም እንደ ሰው ድምፅ ሊጽፋቸው ይሞክራል፤ ማዶ የሚደርሰው ውሉ የጠፋ ነገር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ተመራማሪዎች ጉዳዩን በቤተ ሙከራ ፈትነው በ2008 ባወጡት ሪፖርት አናሎግና ዲጂታል በአንዳንድ ሁኔታዎች እኩል ሲሆኑ፣ ጩኸት ሲበረታ አናሎግ የተሻለ የተሰማባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ በከፋው ሁኔታ ግን ሁለቱም አልሆኑም።

ከሙከራ ድምፆቹ አንዱ ልብ ይነካል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ከቆየ በራሱ መጮኽ የሚጀምር መሣሪያ ይታጠቃል፤ ወድቆ ከሆነ እንዲያገኙት ነው። ወድቆም በሬዲዮ ለመጣራት የሚሞክር ሰው ድምፁን የሚያፍንበት አንዱ ነገር ይኸው አድነኝ ባይ መሣሪያው ነው። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የእሳት አደጋ ኃላፊዎች ማኅበር ለሠራተኞች ካቀረባቸው ምክሮች አንዱ፣ ማይክራፎኑን ወደ ጭንብሉ የድምፅ መውጫ አስጠግቶ በእጅ ከጩኸት መከለል የሚል ነበር። ለብዙ ሚሊዮን ዶላር ሲስተም የመጀመሪያው መድኃኒት የሰው መዳፍ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ችግር ውል ላይ የሚጻፈው «95 በመቶ» ነው። ብዙ ከተሞች ሲስተሙን ሲያዝዙ ከአገልግሎት ክልሉ 95 በመቶ የሚሆነው እንዲሸፈን ይዋዋላሉ። ቁጥሩ ያምራል። ጥያቄው ቀሪው አምስት በመቶ የት ነው የሚለው ነው። በአጋጣሚ የተበተነ አይደለም፤ ሬዲዮ የማይገባበት ቦታ ማለት ወፍራም ኮንክሪት፣ ዋሻ፣ ሸለቆና ቤዝመንት ነው፤ ሰው ተጣብቆ የሚቀረውም እዚያው ነው። ሙከራውም ብዙ ጊዜ የሚደረገው በመኪና እየተዞረ፣ በጎዳና ላይ ነው። ጎዳና ላይ የተሰማ ሬዲዮ ወገብ ላይ ታስሮ በሰውነት ሲከለል ይዳከማል፤ በር ሲዘጋበት ይብስበታል።

አዲሱ ሕንጻ ደግሞ ከአሮጌው የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብዙዎችን ያስገርማል። ሙቀት እንዳያስገባ ተብሎ በስሱ የብረት ቅብ የተለበጠ መስታወት ሬዲዮንም ይመልሳል። መስታወቱ ሲግናሉን በ20 ዴሲቤል ቀነሰው ማለት ከመቶ እጅ አንዱን ብቻ አሳለፈ ማለት ነው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ የእሳት ደንብ ከ2009 ወዲህ አንቀጽ 510ን ይዞ መጣ፦ የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ በሕንጻው ውስጥ የማይሰማ ከሆነ ባለቤቱ ማጉያ አስገብቶ እንዲያሰማ። ሬዲዮው የከተማው ቢሆንም ግድግዳው የባለቤቱ ነው የሚል ሐሳብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለውጭ ሰው ግራ የሚያጋባው ግን መንገዱ ነው። በድሮው ሬዲዮ ቤዝመንት ያለው ሰው ደጅ ካለው ጋር በቀጥታ ይነጋገር ነበር፤ አንዱ ሬዲዮ ለሌላው። በአዲሶቹ ትልልቅ ሲስተሞች ግን በተለመደው አሠራር የእጅ ሬዲዮው አስቀድሞ ራቅ ካለ ማማ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ማማው መስመር ሲሰጠው ነው የሚናገር። ጓደኛው ከራሱ በላይ አሥር ሜትር ላይ፣ በአንድ ወለል ልዩነት ቆሞ እያለ፣ ማማው ስላልሰማው ብቻ ሁለቱ አይነጋገሩም። ቁልፉን ሲጫን የእምቢታ ድምፅ ይመልስለታል። ጎረቤትን ለመጥራት ቀበሌ ሄዶ ማመልከቻ እንደ ማስገባት ነው።

ማማ በብዛት መትከልም ሁልጊዜ አይፈታውም። ብዙ ማማዎች አንድ ዓይነት ንግግር በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ ሲያሰራጩ፣ ሬዲዮ ሞገድ በማይክሮሰከንድ 300 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ከሁለት ማማዎች እኩል ኃይል በሚደርስበት ቦታ ላይ አንደኛው ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። የዲጂታሉ ቢቶች ይደራረባሉ። ሬዲዮው የሲግናል ምልክቱን ሙሉ እያሳየ ቃል አይወጣውም። ሠራተኛው «ሲግናል አለኝ፣ ድምፅ የለኝም» ብሎ ሲያመለክት ቢሮ ያለው ሰው አላምንህም ይለዋል፤ ካርታው ላይ ያ ቦታ አረንጓዴ ነውና።

የሽግግሩ ዘመን ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ኖርዌይ ኑድኔት የተባለውን አገር አቀፍ የቴትራ ሲስተሟን የጀመረችው ከኦስሎና ከአካባቢዋ ነው። በጁላይ 22 ቀን 2011 አንድ አክራሪ በኦስሎ ቦምብ አፈንድቶ 8 ሰው ከገደለ በኋላ ወደ ኡቶያ ደሴት ሄዶ 69 ሰው፣ በብዛት ወጣቶችን፣ ገደለ። ከኦስሎ የተላከው ልዩ የፖሊስ ኃይል አዲሱን ሬዲዮ ይዟል፤ የደሴቲቱ አካባቢ ፖሊስ ደግሞ ዲጂታሉ ገና አልደረሰውም። ሁለቱ የፖሊስ ወገኖች በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ አሰቃቂ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ መነጋገር አቅቷቸው የሞባይል ስልክ ያወጡ ነበር። የመገናኛ ቦታውም ተምታቶ ልዩ ኃይሉ ከደሴቲቱ ራቅ ወዳለ ድልድይ አመራ። ለዚያ ቀን ጥፋት ሬዲዮው ብቻውን ተጠያቂ አይደለም፤ በ2012 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽኑ ሪፖርት የፖሊስን አደረጃጀት በብዙ በኩል ተችቷል። ግን ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ የሚቆይ አገር ከሁለቱም የከፋውን ያገኛል። ኑድኔት መላ ኖርዌይን የሸፈነው በ2015 መጨረሻ ነው።

ለንደን ደግሞ ከመሬት በታች ያለውን ነገር ሁለት ጊዜ ተምራለች። በ1987 የኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ተቃጥሎ 31 ሰው ሲሞት በምድር ውስጥ የሬዲዮ ግንኙነት ጉዳይ ተነሣ። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 7 ቀን 2005፣ አጥፍቶ ጠፊዎች ባቡሮችንና አንድ አውቶቡስ አፈንድተው 52 ሰው ሲገድሉ፣ ወደ ዋሻዎቹ የወረዱ አብዛኞቹ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች አሁንም እዚያ የሚሠራ ሬዲዮ አልነበራቸውም። ከመሬት በላይ ኤርዌቭ የሚባለው ዲጂታል ኔትወርክ እየተዘረጋ ነበር፤ ወደ ዋሻው የወረደው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

የዋሽንግተኑን ነገር አያሌ የአማርኛ አንባቢዎች በቅርብ ያውቁታል። በጃንዋሪ 12 ቀን 2015 ከላንፋንት ፕላዛ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ቨርጂኒያ ያመራ የቢጫው መስመር ባቡር ዋሻ ውስጥ በጭስ ታፍኖ ቆመ። አሌክሳንድሪያና አካባቢዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሥራ ሲመለስ የሚሳፈርበት መስመር ነው። ተሳፋሪዎቹ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጭስ ሲስቡ ቆዩ። አንዲት ሴት ሞተች፤ 91 ሰዎች ተጎዱ። ወደ ዋሻው የገቡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሬዲዮ ከላይ ካሉት ጋር አላገናኛቸውም፤ በሞባይል ስልክና ሰው ለሰው በመቀባበል መልእክት አስተላለፉ። ጉዳዩ የአናሎግና የዲጂታል ብቻ አልነበረም፤ የባቡር መሥሪያ ቤቱ መሣሪያም የእሳት አደጋው ሬዲዮም በየፊናቸው ተወቅሰዋል። የሚቆጨው ሌላ ነው። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ እዚያው ጣቢያ ላይ ሬዲዮው እንደማይሠራ ለባቡር መሥሪያ ቤቱ ያሳወቀው በጃንዋሪ 8፣ አራት ቀን ቀደም ብሎ ነበር።

ጀርመን ደግሞ በጁላይ 2021 ሌላ ገጽታ አሳየች። ከ180 በላይ ሰው በገደለው ጎርፍ ጊዜ በአር ወንዝ ሸለቆ የዲጂታል ሬዲዮ ጣቢያዎች ኤሌክትሪካቸውና ማገናኛ መስመራቸው ተቋርጦ በከፊል ዝም አሉ። ማማ ላይ የተንጠለጠለ ሲስተም ማማው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል? የፊኒክስ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የሄደበት መንገድ በብዙዎች ይጠቀሳል። የአሪዞናዋ ከተማ ትልቅ ዲጂታል ሲስተም ስትዘረጋ የእሳት አደጋ ሰዎቿ ሬዲዮዎቹን ይዘው ሕንጻ ውስጥ እየገቡ ሞከሩ፤ በ2004 ባወጡት የደኅንነት ጥናትም ውጤቱን በዝርዝር አስቀመጡ። ዲጂታሉ ለሌላው ሥራ ቀጠለ፤ እሳቱ ቦታ ላይ ግን ሠራተኛው ከሠራተኛ ጋር በቀጥታ፣ ያለ ማማ፣ በአናሎግ እንዲነጋገር ተደረገ። ሌሎችም ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። ኒው ዮርክም ብትሆን ከሴፕቴምበር 11 በኋላ መጋዘን ያስገባቻቸውን ዲጂታል ሬዲዮዎች አልጣለቻቸውም፤ በአናሎግ እንዲሠሩ ፕሮግራማቸውን አስቀይራ፣ ፈትና፣ መልሳ ለሠራተኞቿ አደለች። አዲስ ዕቃ ገዝቶ በአሮጌው ዘዴ ማሠራት ለገንዘብ ሚኒስትር የሚነገር ዜና አይደለም፤ ቤዝመንት ለሚገባው ሰው ግን ትርጉም አለው።

አዲስ አበባም ብትሆን ከዚህ ወሬ ውጭ አይደለችም። ዙሪያቸውን መስታወት የለበሱ ረጃጅም ሕንጻዎች በየመንገዱ እየቆሙ ነው፤ ሥራቸው ሁለትና ሦስት ወለል የወረደ መኪና ማቆሚያ አለ። እዚያ ወርዶ በንግግር መሀል ስልኩ የተቋረጠበት ሰው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ያልፈዋል፤ ደረጃውን ወጥቶ ይደውላል። ያው ወለል በጭስ የተሞላ ዕለት ወደ ታች የሚወርደው ሰው ግን ደረጃውን ወጥቶ የሚደውልበት ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ለማንኛውም ከተማ ሬዲዮ የሚገዙ ኃላፊዎች የሽፋን ካርታውን ከማድነቃቸው በፊት አንድ ሠራተኛ ሙሉ ልብሱንና ጭንብሉን አጥልቆ፣ መጋዙ እየጮኸ፣ ጥልቁ ቤዝመንት ድረስ ይውረድላቸው። ከዚያ ሆኖ አምስት ተራ ዓረፍተ ነገሮች ይናገር፤ ደጅ የቆመው ባልደረባው የሰማውን ብቻ፣ ቃል በቃል፣ በወረቀት ይጻፍ። ያ ወረቀት ከውሉ ጋር ይያያዝ። ሕንጻ የሚያሠሩ ባለሀብቶችም የኮንክሪቱ ሥራ ሳያልቅ መሐንዲሳቸውን ይጠይቁ፦ እዚህ ታች የእሳት አደጋ ሬዲዮ ይሰማል?